ፒዲኤፉ አለኝ

የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ያለበት ቤት ከፋሲካ ወዲያ እንዳለ ሱባዔ ይገባል። የቴሌቪዥኑ ድምፅ ይቀነሳል፤ ቡናው ከሳሎን ወደ በረንዳ ይሰደዳል፤ እንግዳ የመጣ እንደ ሆነ በሹክሹክታ ይቀበሉታል፥ በሹክሹክታም ይሸኙታል፤ ሌላ ጊዜ በነጠላ ጫማው ወለሉን እያንኳኳ የሚመላለሰው አባወራ እንኳ የገዛ ቤቱን በጣቶቹ ጫፍ እየረገጠ ወደ መኝታው ያልፋል። ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚደረገው በሩ ገርበብ ባለው በዚያ ጠባብ ክፍል ውስጥ ልጁ እያጠና ነው ተብሎ ስለሚታመን ነው። ልጁ በእርግጥ ምን እያደረገ እንደ ሆነ ግን ገልጦ የሚያይ የለም፤ ገልጦ ማየት ራሱ ማወክ ነውና፥ እናቲቱ የሕይወትን ዛፍ መንገድ እንዲጠብቅ እንደ ታዘዘው ኪሩብ ከደጃፉ ቆማ፥ ወደዚያ የሚጠጋውን ሁሉ በዓይኗ ሰይፍ ትመልሰዋለች።

እኔ እንዲህ ላለው አንድ ቤት አጎት ነኝ። አጎትነት ደግሞ በአገራችን ልማድ ሳያንኳኩ መግባትን፥ ገብቶም ሳይጠየቁ መምከርን የሚፈቅድ ማዕረግ ስለ ሆነ፥ አንድ ምሽት ኪሩቧን «እንደምን አመሸሽ» ብዬ አለፍኋትና ወደ ጥናቱ ክፍል ዘለቅሁ። የፊዚክሱ መጽሐፍ ተዘርግቷል። ከተዘረጋው ገጽ ከግማሽ የሚበልጠው መስመር በቢጫ ቀለም ተሰምሮበታል፤ አጠገቡ የሻይ ብርጭቆ፥ ተቆርሶ የቀረ ዳቦ፥ ገና ያልተነካ አዲስ ደብተር አለ፤ ከእነዚህም ሁሉ ከፍ ብሎ፥ የውኃ ጠርሙስ ተደግፎ፥ ከቻርጀሩ ገመድ ጋር እንደ ታሰረ፥ በቅኔ ማኅሌት መካከል እንዳለ አትሮንስ ቀጥ ብሎ የቆመ ስልክ አለ።

«ጎበዝ፥ ጥናቱ እንዴት ይዞሃል?» አልሁት።

«አሪፍ ነው፥ ጋሼ።»

«የኒውተን ሁለተኛ ሕግ ምን ይላል?»

ልጁ ቀና ብሎ፥ በጊዜው ያልተማረን ሽማግሌ በሚያዩበት ርኅራኄ አየኝና «አለኝ» አለ።

«ምኑ ነው ያለህ?»

«ፒዲኤፉ አለኝ፥ ጋሼ። ሴቭ አድርጌዋለሁ።»

ከአልጋው ጠርዝ ተቀመጥሁና ምሽቱ እንዴት እንዳለፈ እንዲያጫውተኝ ለመንሁት። የዛሬ ልጆች ከእኛ ዘመን ልጆች የሚሻሉበት አንድ ነገር ቢኖር ግልጽነታቸው ነውና አንዳች ሳይሸሽግ ነገረኝ። ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ተቀመጠ። አስቀድሞ ጠረጴዛውን አሰናዳ፤ ያሰናዳውንም ጠረጴዛ፥ የሻዩ እንፋሎት ሳይጠፋ፥ ከነመጽሐፉና ከነማስመሪያው ፎቶግራፍ አነሣና «ጥናት ላይ» የሚል ቃል ጽፎበት ለወዳጆቹ ሁሉ ለቀቀው። ወዳጆቹም እያንዳንዳቸው በየቤታቸው፥ በየኪሩባቸው ጥበቃ ሥር፥ እንዲሁ ጥናት ላይ ስለ ነበሩ ወዲያው አዩት፤ ልብ የላኩለትን ማመስገን፥ አይተው ዝም ያሉትንም መታዘብ እስከ ሁለት ሰዓት አቆየው። ከዚያ ወደ ቁም ነገሩ ተመለሰና ቴሌግራም ከፈተ። አንዱ ቻናል ያለፉትን ዓመታት የማትሪክ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው አውጥቶ ነበር፤ አወረደው። ሁለተኛው የባዮሎጂ ሾርት ኖት ለቀቀ፤ አወረደው። ሦስተኛው «ዘንድሮ የማይቀሩ ጥያቄዎች» ብሎ ዐወጀ፤ ይህንንስ ቸር ልጅ ስለ ሆነ፥ ራሱ ከማንበቡ በፊት ለጓደኞቹ ሁሉ አስተላለፈላቸው፤ እነርሱም ሳያነቡት ለሌሎች አስተላለፉት።

በሦስት ሰዓት ግድም ብርታት እንዲሆነው «በቀን አሥራ አራት ሰዓት እንዴት ማጥናት ይቻላል» የሚል ቪዲዮ አየ። ቪዲዮው አጭር ነበረ። ከእርሱ ቀጥሎ ሳይጠራ የመጣው አንድ ሰው ሠላሳ እንቁላል በአንድ መቀመጫ ሲበላ የሚያሳይ ነው፤ ከእርሱም ቀጥሎ ሙሽራ ስትወድቅ፤ ከእርሷም ቀጥሎ ፍየል እንደ ሰው ስትጮኽ። አራት ሰዓት ሲሆን እናቱ ትኩስ ወተት ይዛ ገባችና፥ የደፈረሰውን ዓይኑን አይታ አንጀቷ ተላወሰ፤ «አይዞህ ልጄ፥ ጭንቅላትህን አትጨርሰው፥ ትንሽ ዕረፍ» አለችው። ትእዛዝ አክባሪ ነውና ዐረፈ። ያረፈውም በቲክቶክ ላይቭ ነው፤ እኔ የገባሁት በዚህ ሰዓት ነበርና ዕረፍቱን በዓይኔ አየሁት። ሁለት ሰዎች ማያ ገጹን ለሁለት ተካፍለው ባትል ይጋጠማሉ፤ አንዱ ሌላውን ይሰድባል፤ ደጋፊዎቻቸውም አንዳንዴ ከአሜሪካ፥ አንዳንዴ ከዓረብ አገር፥ በላብ በተገኘ ገንዘብ ገዝተው ጽጌረዳና አንበሳ ይወረውሩላቸዋል። መጽሐፉ የተገለጠበት ምዕራፍ የተወረወረ ነገር በአየር ላይ የሚሄድበትን መንገድ የሚያስረዳ ነበር፤ ስለዚህ አንበሳው ሲወረወር መመልከቱ ከትምህርቱ ፈጽሞ ርቋል ለማለት አልደፈርሁም።

ወላጆች በተገናኙ ቁጥር የሚናገሩት ክስ አንድ ነው፤ ስልክ የልጆቻችንን ጊዜ ሰረቀ ይላሉ። ክሱ እውነትነት አለው፤ ዳሩ ግን ተከሳሹን ያቃልለዋል። ጊዜን የሰረቀ ሌባ ብቻ ቢሆን ኖሮ፥ የተሰረቀ ሰው መሰረቁን ያውቃል፥ ይጸጸታል፥ በማግሥቱም ይጠነቀቃል። የእኔ ወንድም ልጅ ግን በዚያ ምሽት የተሰረቀ ሰው ፊት አልነበረውም። ከአንድ ሰዓት ጀምሮ እኔ እስክገባ ድረስ ከጠረጴዛው አልተነሣም፤ መጽሐፉ ፊቱ ነበር፤ አራት የትምህርት ዓይነቶች አውርዷል፤ ዓይኑ ደፍርሷል፥ ወገቡ ተንቋቋ፥ እናቱ አዝናለታለች። የድካም ምልክት ሁሉ በሰውነቱ ላይ ተሟልቶ ሳለ፥ አላጠናህም ቢሉት በግፍ የተከሰሰ ይመስለዋል። ስልክ ለተማሪ የሚያደርግለት ትልቁ ውለታ ይህ ነው፤ ሳያነብ ያነበበ፥ ሳይደክም የደከመ፥ ሳያውቅ ያወቀ እንዲመስለው ያደርጋል። ጎተራውን እህል የሞላ ሰው፥ ሳያስፈጭና ሳያስጋግር፥ ጎተራውን ከፍቶ በማየት ብቻ «ጠገብሁ፥ ተመስገን» ቢል ጎረቤቶቹ ጠበል ይወስዱት ነበር፤ ተማሪው ግን ስልኩን ከፍቶ የተከማቸውን አይቶ ሲተኛ ቤተሰቡ ይመርቀዋል።

በአብነት ትምህርት ቤት «አለኝ» የሚለው መልስ የኔታ ዘንድ አያስጥልም ነበር። ከንባብ ቤት ዳዊት የደገመ ተማሪ መጽሐፉን ቢነጥቁት ትምህርቱን መንጠቅ አይቻልም፤ ዜማ ቤት የገባው ድጓውን ከምልክቱ ጋር በቃሉ ይይዛል፤ ቅኔ ቤት የገባው ደግሞ ይበልጥ ይከፋበታል፥ የትናንቱን ይዞ መምጣት ብቻውን አይበቃምና፥ ሁለት ቤት ያላትን ጉባኤ ቃና ለመቍጠር ከሰው ተለይቶ ጫካ ገብቶ፥ ዛፍ ተደግፎ፥ ኅሊናውን ሰብስቦ ይውላል፤ አድሮም ከየኔታ ፊት ቆሞ ሲነግር፥ ቃሉ ከሰዋስው ወይም ከምሥጢር የጐደለ እንደ ሆነ እዚያው በጉባኤው መካከል ይታረማል። ይህን ስል የቆሎ ተማሪን ኑሮ ለወንድሜ ልጅ እመኛለሁ ማለቴ አይደለም፤ ደበሎውንም፥ አኩፋዳውንም፥ ይልቁንም የየመንደሩን ውሻ በሚገባ አውቀዋለሁ። በቃል መያዝ ብቻ ዕውቀት ነው የሚልም ሞኝ አይደለሁም። ነገር ግን የዚያን ዘመን ተማሪ ያላወቀውን ነገር ያወቀ መስሎ ሊታየው የሚችልበት አንዳች መንገድ አልነበረውም፤ ባዶነቱን ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው እርሱ ራሱ ነበረ፥ ያም ያስነብበው ነበር።

ደግሞም ልጅን ከጥናት የሚያስኮበልል ነገር ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። በእኛ ዘመን ጆተኒ ነበረ፤ የህንድ ፊልም የሚያሳይ ቪዲዮ ቤት ነበረ፤ ፑል ቤት ነበረ፤ በኋላም ፕሌይስቴሽን መጣ። ከእነዚህ በአንዱ ያላለፈ መሐንዲስ ወይም ሐኪም ቢኖር ከገዳም የመጣ መሆን አለበት። ነገር ግን የእነዚህ ሁሉ ማሳቻዎች አንድ መልካም ጠባይ፥ ጥናት አለመምሰላቸው ነበር። ጆተኒ ቤት የተገኘ ልጅ ጆተኒ ቤት ተገኘ ይባላል፤ አባቱ ሰፈሩን ጠይቆ ይደርስበታል፥ በሩንም አልፎ ይገባል፥ በጓደኞቹ ፊት ጆሮውን ይዞ ያወጣዋል፤ ልጁም ጆሮው እየጋለ ቤቱ ሲገባ የት እንደ ነበረና የት መሆን ይገባው እንደ ነበር ያለ ጥርጥር ያውቃል። ዛሬ ግን ልጁ በገዛ ወንበሩ፥ በገዛ መጽሐፉ ፊት፥ ወላጆቹ በገዙለት መብራት ሥር ተቀምጦ ሳለ፥ አባት ጆሮውን ይዞ ከየት ወደ የት ያወጣዋል? ቢጠይቀውም «ኬሚስትሪ እያየሁ ነው» ይላል፤ እውነቱን ነው፥ ከፍየሏ በፊት ኬሚስትሪ ነበር። አባትየውም ብዙ ለመመርመር አይመቸውም፤ እርሱ ራሱ በመኝታ ክፍሉ፥ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ፥ የዩቲዩብ ሰበር ዜና ከሰበር ዜና ላይ እየደረበ ያመሻል።

የሌሊቱን ነገር በአጭሩ ልለፈው። የስልክ ኩባንያዎች የሌሊቱን የዳታ ጥቅል ከቀኑ አርክሰው ስለሚሸጡ፥ ቆጣቢ የሆነ ተማሪ ሁሉ ሌሊቱን መርጧል፤ ሰዓታት እንደሚቆም ካህን ሲነጋጋ ይተኛል፥ ማለዳም የመጀመሪያውን ክፍለ ጊዜ በሒሳብ መምህሩ ድምፅ ታጅቦ ያንቀላፋል። እንቅልፍ ያጣ አእምሮ የቀን ትምህርቱን እንደማይዝ ለማወቅ የሥነ ልቡና ሊቅ መሆን አያሻም፤ አንድ ሌሊት ለቅሶ ቤት አድሮ ማለዳ ቢሮ የገባ ሰው ሁሉ ምስክር ነው።

ይህን ሁሉ የፈጠሩት ሰዎች እነማን እንደ ነበሩ ሳስብ አንዳንድ ጊዜ ብቻዬን እሥቃለሁ። ፌስቡክ የተወለደው በ1996 ዓ.ም. ሃርቫርድ በሚባለው ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲ፥ በተማሪዎች ማደሪያ፥ ማለት ማጥናት በሚገባቸው ልጆች እጅ ነው። ከእነርሱ ዋነኛው ማርክ ዙከርበርግ በሥራው እጅግ ስለ ተመሰጠ ትምህርቱን ሳይፈጽም ዩኒቨርሲቲውን ለቆ ሄደ፤ እንግዲህ በፌስቡክ ምክንያት ትምህርቱን ያቋረጠ የመጀመሪያው ተማሪ የፌስቡክ ሠሪ ራሱ ነው ማለት ነው። ዩኒቨርሲቲው ግን አልተቀየመውም፤ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ጠርቶ የክብር ዶክትሬት ሰጠው። በዚያው ወር መጨረሻ ሳምንት በእኛ አገር ፈተናው እንዳይወጣ ተብሎ ኢንተርኔቱ እንዳለ ጠፍቶ፥ ነጋዴውም፥ ባንኩም፥ ሆቴሉም በአንድነት ከተማሪው ጋር ማትሪክ ይፈተን ነበር። የወንድሜ ልጅ የዙከርበርግን ታሪክ ጠንቅቆ ያውቃል፤ በምመክረው ጊዜ ሁሉ ጠቅሶ ይከራከረኛል። ይህንን እንኳ ሴቭ አላደረገውም፥ በቃሉ ነው የያዘው። እኔም ያ ልጅ ያቋረጠው የገባበትን ትምህርት ቤት ነው፥ አንተ ግን የምታቋርጠው ገና ያልገባህበትን ነው እለዋለሁ፤ እርሱም ይሥቃል፥ ሥቆም ያልሁትን ለጓደኞቹ ይጽፍላቸዋል።

ከአሜሪካው ይልቅ የቻይናው ነገር ያስተምራል። የቲክቶክ ባለቤት የሆነው የቻይና ኩባንያ ለገዛ አገሩ ሕዝብ ዶውዪን የተባለ ሌላ መንትያ መድረክ አለው፤ በዚያ መድረክ ላይ ከመስከረም 2014 ዓ.ም. ጀምሮ፥ ዕድሜያቸው ከ14 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በቀን ከ40 ደቂቃ በላይ እንዳያዩ፥ ሌሊትም እንዳይገቡበት ደንብ አወጣ። ጠላ ጠማቂ የገዛ ልጆቹን «ከዚህች ብርጭቆ እንዳታልፉ» ሲል የሰማ ጠጪ፥ ስለ ጠላው ጥንካሬ ሌላ ማስረጃ የሚፈልግ አይመስለኝም።

ቢሆንም ተከሳሽ ያልሠራው ወንጀል ሲጫንበት ዝም ብሎ ማየት ፍትሕ አይደለም። የትምህርት ሚኒስቴር የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ከየትምህርት ቤቱ አውጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ መስጠት በጀመረበት፥ የ2014 ዓ.ም. ተማሪዎች በተፈተኑበት ጊዜ፥ ከ900 ሺህ ገደማ ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆነው ሲገኙ፥ ከ1,000 የሚበልጡ ትምህርት ቤቶችም አንድ ተማሪ እንኳ ሳያሳልፉ ሲቀሩ፥ በየቡና ቤቱ የተቀመጠ ዳኛ ሁሉ በአንድ ቃል «ቲክቶክ ነው የጨረሳቸው» ሲል ፈረደ። በማግሥቱ ዓመት 3.2 በመቶ አለፉ፤ ፍርዱ ጸና። በ2016 ዓ.ም. 5.4፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆኑ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ስልክ የያዘ ተማሪ ቍጥር ሲቀንስ ያየ ሰው ካለ እጁን ያውጣ! ስልኩ በዝቶ ውጤቱም ከጨመረ፥ በቡና ቤቱ ዳኛ ስሌት ቲክቶክ የሚያስተምር ሆኖ ሊገኝ ነው፤ ይህን ግን ዳኛው አይቀበለውም። እውነቱን ለመናገር፥ ኔትወርክ ለመያዝ ኮረብታ በሚወጣበት ቀበሌ፥ መጽሐፍ ለሦስትና ለአራት በሚዳረስበት፥ ላቦራቶሪው የወንበር ስባሪ ማከማቻ በሆነበት፥ ጦርነትና ስደት የትምህርቱን ዘመን በቆራረጡበት አገር፥ ለወደቀው ሁሉ ስልክን ተጠያቂ ማድረግ፥ ሌላው ተጠያቂ እንዳይጠራ ማድረግ ነው። ከዚያም በፊት የነበረው ከፍ ያለ ውጤት ስንቱ በኩረጃ የተገኘ እንደ ነበር፥ ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ግቢ በገባበት ዓመት ታየ።

መንግሥትም ቢሆን ስልክን መዝጋት ሞክሯል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የእንግሊዝኛው ፈተና ከፈተናው ቀን ቀድሞ በፌስቡክ ላይ ተዘርግቶ ተገኘና ፈተናው ተሰርዞ ወደ ሰኔ መጨረሻ ተላለፈ፤ በሐምሌም ፌስቡክና መሰሎቹ ለጥቂት ቀናት ተዘጉ፥ የመንግሥት ቃል አቀባዩም እነዚህ ነገሮች የተማሪዎቹን ሐሳብ የሚበትኑ ስለ ሆኑ ነው ብለው ምክንያቱን ገለጡ። ምክንያቱ ተገቢ ነበር፤ መድኃኒቱ ግን የታመመውን ልጅ ትቶ የሰፈሩን ሰው ሁሉ በመርፌ የሚወጋ ሆነ። መረቡ ቢዘጋም ስልኩ አይዘጋም፤ ቀድሞ የተጫነ ፊልም በዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ሲሻገር ከሚኒስትሮች ምክር ቤት ፈቃድ አይጠይቅም። ዛሬ ደግሞ ሥርዓቱ ሌላ ነው። ተፈታኙ ወደ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ሲገባ ይፈተሻል፥ ስልክ ይዞ መግባት ክልክል ነው፤ ያ ሁሉ ፒዲኤፍ፥ ያ ሁሉ ሾርት ኖት፥ «ዘንድሮ የማይቀሩ ጥያቄዎች» ሁሉ ከቤት ይቀራል። ከፈታሾቹ እጅ የሚያመልጠው ከኅሊና ውስጥ የገባው ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚያስቀኝ ግን፥ ስልኩን በልጁ እጅ ያስያዝነው እኛ መሆናችንን ፈጽመን መዘንጋታችን ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ፥ የከተማው ትምህርት ቤት ሁሉ ቴሌግራም ከፍቶ ወርክሺት መላክ ጀመረ፤ ስልክ ያልነበረው ልጅ ስልክ ተገዛለት፥ ወላጅም ከእቁቡ አውጥቶ የገዛውን ዕቃ «ይህ ለትምህርትህ ነው» ብሎ መርቆ ሰጠው። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲጀመርም የታተመው መጽሐፍ ለብዙው ተማሪ በጊዜ ስላልደረሰ፥ መጽሐፉ የተነበበው በስልክ ላይ ነው። ይህ የስልክ ውለታ ነው፥ አልክድም፤ ከተማ ገብቶ መጽሐፍ መግዛት የማይችል የገበሬ ልጅ በአንድ ስልክ ከአራት ጓደኞቹ ጋር ተኰልኩሎ ባዮሎጂ ሲያነብ ባየሁ ጊዜ፥ ስልክን የሰደብሁበትን ወግ ሁሉ ለመቅደድ ቃጥቶኝ ነበር። ለዚያ ልጅ ባትሪው ውድ ነው፥ ካርዱም ውድ ነው፤ ስለዚህ ገልጦ ያነብና ይዘጋዋል።

ወረርሽኙ አለፈ፤ መጽሐፉም እያደር ደረሰ፤ የወላጆቹ የቴሌግራም ግሩፕ ግን እስከ ዛሬ አለ። ይህን ግሩፕ ያላየ ሰው የትምህርትን ነገር አየሁ አይበል። ማለዳ «መልካም ቀን» የሚል ጽጌረዳ ይመጣል፤ ከእርሱ በኋላ ሌላ ወላጅ እንዳይበለጥ ሌላ ጽጌረዳ ይጨምራል። ዕለቱ የሚካኤል ወይም የገብርኤል የሆነ እንደ ሆነ የመልአኩ ሥዕል ይከተላል። እኩለ ቀን ላይ የሰርቪስ ክፍያ ስለ መጨመሩ ጠብ ይነሣል፤ አንዲት እናት የልጇ ጃኬት እንደ ጠፋ ታመለክታለች፤ አንድ አባት በስሕተት የመሬት ሽያጭ ማስታወቂያ ለቆ ይቅርታ ይጠይቃል። ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ላይ፥ ሰው ሁሉ እራቱን ሲጨርስ፥ መምህሩ «የአምስተኛ ክፍል የቤት ሥራ፥ ሒሳብ፥ ገጽ አርባ ሰባት» ብሎ ይጽፋል። የአምስተኛ ክፍሏ ሕፃን ገጹን ለማወቅ የእናቷን ስልክ ትቀበላለች፤ ከጽጌረዳው፥ ከጃኬቱና ከሰርቪሱ ጠብ ሥር አርባ ሰባትን ፈልጋ እስክታገኝ ድረስ፥ ከላይ አንድ ማሳወቂያ ብቅ ይላል፥ ትነካዋለች፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ እናቷ «የቤት ሥራሽን ጨረስሽ?» ብትላት፥ ልጅቷ ዓይኗን ሳታነሣ «ገጹን አግኝቼዋለሁ» ትላለች። ይህች ልጅ ከሰባት ዓመት በኋላ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትደርሳለች፤ ያን ጊዜ የኒውተንን ሕግ ስትጠየቅ ምን ብላ እንደምትመልስ ከአሁኑ አውቄዋለሁ።

ስለዚህ ነገሬን ለሚኒስቴሩም፥ ለኩባንያዎቹም አላቀርብም፤ እነርሱ ሥራ ይበዛባቸዋል። አቤቱታዬ ለአንተ ለመምህሩና ለአንቺ ለመምህርቷ ነው። ገጽ አርባ ሰባትን ክፍል ውስጥ ሳላችሁ፥ ደወሉ ከመደወሉ በፊት፥ በጥቁሩ ሰሌዳ ላይ ጻፉት፤ ልጆቹም በእርሳሳቸው ደብተራቸው ላይ ይገልብጡት። በማግሥቱም ደብተሩን ብቻ አይታችሁ አትለፉ፤ አንዱን አስነሡና መጽሐፉን አሳጥፋችሁ ጠይቁት። የወላጆቹ ግሩፕ ለጽጌረዳውና ለሰርቪሱ ጠብ ይበቃል።